የማይታየውን ዜድ መቁጠር፦ ከቱሉ ዲምቱ የሥራ ማስታወሻ

ህዳር 8፣ ማታ

ምን እየሰራሁ እንደሆነ መጀመሪያ ላስቀምጥ፣ ኮድ ውስጥ ከተገባ በኋላ ዋናው ጥያቄ ይረሳል። ኤልኤችሲ ላይ (ሰርን የሚባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ማዕከል ያለው ትልቁ ቅንጣት አጋጪ ማሽን) ፕሮቶንና ፕሮቶን ሲጋጩ ከሚፈጠሩት ቅንጣቶች አንዱ ዜድ ቦዞን ነው። ክብደቱ 91.19 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ከዚህ በኋላ ጂኢቪ እያልኩ ነው የምፅፈው)፣ የአንድ ፕሮቶን 97 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ተፈጥሮ አይቆይም ወዲያው ይፈርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኳርክ (ፕሮቶን የተሰራበት ቅንጣት)፣ ትንሽ ትንሽ ወደ ኤሌክትሮን ወደ ሙኦንና ወደ ታው (ሁለቱ የኤሌክትሮን ከባድ ወንድሞች ናቸው)፣ ከመቶው 20ው ግን ወደ ኒውትሪኖ። ኒውትሪኖ ደሞ 14,000 ቶን የሚመዝነውን የሲኤምኤስ ዲተክተር (ኤልኤችሲ ላይ ግጭቱን ከሚመዘግቡት መሳሪያዎች አንዱ) ምንም ሳይነካው አልፎት ይሄዳል። በቃ ከአምስት ዜድ አንዱ ፊታችን ተፈጥሮ ፊታችን ይሰወራል።

ይሄ ነገር እንቅልፍ የሚነሳኝ ለምን መሰላችሁ፣ እስካሁን ያላወቅነው ቀላል ቅንጣት ካለ፣ ዳርክ ማተርም (በስበቱ ብቻ የምናውቀው የማይታይ የጠፈር ቁስ) ይሁን ሌላ፣ የሚሰወረው ልክ ኒውትሪኖ የሚሰወርበት ቦታ ነው። ዲተክተሩ ሁለቱን አይለያቸውም፣ ለሱ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ስለዚህ ያለው መንገድ በኒውትሪኖ ምክንያት ብቻ ስንት የማይታይ ነገር መኖር እንዳለበት በደንብ አስልቶ ከዛ በላይ ትርፍ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። እኔ የምሰራው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው፣ ሰርን ለማንም በለቀቀው ዳታ፣ በአንድ ላፕቶፕ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሳሎን ውስጥ ሆኜ።

ዘዴው ሲገባኝ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ዜዱ ወደ ሁለት ሙኦን ሲፈርስ ይታያል፣ ወደ ሁለት ኒውትሪኖ ሲፈርስ አይታይም፣ ግን ከመፍረሱ በፊት ሁለቱም ያው ዜድ ናቸው፣ አፈጣጠራቸውም አሯሯጣቸውም አንድ ነው። እና የሙኦኑን ዳታ ትወስድና ሁለቱን ሙኦኖች ትሰርዛቸዋለህ፣ እንዳልነበሩ። የቀረው ነገር ወደ ኒውትሪኖ ከፈረሰ ዜድ ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል። ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ሲኤምኤስና አትላስ (ሌላው የኤልኤችሲ ዲተክተር) ላይ ዳርክ ማተር የሚፈልጉት ሰዎች ትልቁን ባክግራውንድ (የሚፈለገውን የሚመስል ግን ያልሆነውን) የሚገምቱት እንደዚህ ነው። እኔ የምፈልገው በእጄ ሰርቼ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ማየት ነው።

ህዳር 11

የመረጥኩት ፋይል ሲኤምኤስ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በ8 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት የሰበሰበው ባለ ሁለት ሙኦን ዳታ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ወዲያው ማቀነባበር ስለማይችል የተወሰነው ወደ ጎን ተቀምጦ ነበር፣ ማሽኑ በ2013 ለጥገና ሲቆም ነው የተሰራው። ለትምህርት ብለው አቅልለው ያስቀመጡት ፋይል 2 ጊጋባይት ገደማ ነው፣ ውስጡ ከ61 ሚሊዮን በላይ ግጭት አለ። 61 ሚሊዮን! ፈቃድ አይጠየቅበት፣ ክፍያ የለው፣ የየት ሀገር ሰው ነህ የሚል ፎርም የለው።

ኔትወርኩ እዚህ ጥሩ የሚሆነው ሰው ሲተኛ ነው፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ። ማውረዱን ሲቋረጥ ከቆመበት እንዲቀጥል አድርጌ ነው የለቀቅኩት፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እስኪነሳ ይጠብቅና ራሱ ይቀጥላል። በነገራችን ላይ እንደኔ ከከተማ ዳር ላላችሁ ምክር፣ ብሮውዘር ላይ ተጭናችሁ አታውርዱ፣ በትእዛዝ መስኮት አድርጉት፣ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። ደሞ ከወረደ በኋላ የፋይሉን ቼክሰም (ፋይሉ እንዳልተበላሸ የሚያሳይ መለያ ቁጥር) ድረ ገፁ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር፣ ይሄ የግድ ነው፣ መሀል ላይ የተበላሸ ፋይል ዝም ብሎ ተከፍቶ የውሸት ቁጥር ይሰጣል።

ህዳር 14

ወረደ። ከፈትኩት። ስድስት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፦ በግጭቱ ውስጥ ስንት ሙኦን እንዳለ፣ የእያንዳንዱ ሙኦን ወደ ጎን ያለው ሞመንተም (የሩጫው ግፊት)፣ ሁለት አንግል፣ ማስ (ክብደት) እና ቻርጅ። ሌላ ምንም የለም፣ ጄት የለም፣ የጎደለ ኢነርጂ የለም (ሁለቱም ምን እንደሆኑ ወደፊት ይመጣል)። ለጀማሪ ስራ ግን ይሄ በቂ ነው፣ እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሀሳብ አይበታትንም።

ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ነው ያለው፣ ሁሉንም አንዴ ልጫን ካልክ ይቆማል፣ ስለዚህ በፓይተን ቁራጭ ቁራጭ እያደረግኩ ነው የማነበው፣ አንድ ቁራጭ ይነበባል፣ ሂስቶግራሙ (የቆጠራው ግራፍ) ውስጥ ይደመራል፣ ከሜሞሪ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሙሉውን ለመጨረስ አንድ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ይወስዳል። ይበቃል።

ህዳር 15

ግራፉን እዩልኝ ብል ደስ ባለኝ! ሁለቱን ሙኦኖች ደምሬ የወላጃቸውን ማስ አስልቼ በሎግ ስኬል ሳስቀምጠው የቅንጣት ፊዚክስ ታሪክ በአንድ መስመር ተደርድሮ ወጣ። ከግራ ሲጀመር 1 ጂኢቪ አካባቢ ትንንሾቹ ጉብታዎች፣ 3.1 ላይ ጄ-ሳይ ቀጥ ብሎ፣ አጠገቡ 3.69 ላይ ታናሽ ወንድሙ፣ 9.46 ላይ ኡፕሲሎን ከሁለት ተከታዮቹ ጋር፣ ከዛ ረጅም ቁልቁለት፣ ከዛ 91 ላይ ዜድ ብቻውን። ሁሉም ወደ ሁለት ሙኦን የሚፈርሱ ቅንጣቶች ናቸው። ጄ-ሳይ በ1974 ሲገኝ ፊዚክስን ገልብጦ ነበር፣ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ከ16 መስመር ኮድ በኋላ ይወጣል።

የጎረቤቴ ልጅ፣ 12ኛ ክፍል ናት፣ የኔው ተማሪ፣ እናቷ ቡና ልካት መጥታ ግራፉን አየችና ቆመች። «ቲቸር፣ ማሱን ማን ነገረዎት? ፋይሉ ላይ የለም እኮ።» ጥያቄው ልክ ነው። ፋይሉ ላይ ያለው የሙኦን እንጂ የዜድ ማስ አይደለም። እና ወረቀት አምጥቼ አብረን ሰራነው። የሁለቱን ጎናዊ ሞመንተም አባዛቸው፣ በ2 አባዛ፣ ከዛ በአንግላቸው ልዩነት የሚወሰን አንድ ቁጥር አለ በሱ አባዛ፣ ስኩዌር ሩት አውጣ። ሁለቱ ሙኦኖች ፊትና ኋላ ተቃራኒ ከሄዱ ያ ቁጥር 2 ነው። 45 እና 45 ከሆኑ፣ 45 በ45 2025፣ በ2 ሲባዛ 4050፣ በ2 ሲባዛ 8100፣ ሩቱ 90። «ዜድ!» አለች። አዎ ዜድ።

ከዛ 50 እና 40 አድርጊው አልኳት። 2000፣ 8000፣ ሩቱ 89.4። ይሄም ዜድ ነው፣ ግን አሁን አንዱ ወገን በ10 ይበልጣል፣ ማለት ዜዱ ራሱ በ10 ወደዛ አቅጣጫ እየሮጠ ነበር። አሁን ሁለቱን ሙኦኖች አጥፊያቸው። ምን ጎደለ? «10።» በየት በኩል? «50ው በነበረበት በኩል።» ያቺ 10 የጎደለ ሞመንተም ትባላለች (የጎደለ ኢነርጂም ይሏታል)፣ ዲተክተሩ ለኒውትሪኖ ዓይነ ስውር ሆኖ ሳለ ኒውትሪኖን የምታሳየን እሷ ብቻ ናት። ግጭቱ ሲጀምር ወደ ጎን የሚሄድ ሞመንተም ዜሮ ነው፣ ፕሮቶኖቹ ፊት ለፊት ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይም ድምሩ ዜሮ መሆን አለበት። እንደ እቁብ ነው፣ ድምሩ ስንት መሆን እንዳለበት ይታወቃል፣ ስትቆጥር ከጎደለ አንድ ሰው አልከፈለም፣ ማን እንደሆነ ባታውቅም ስንት እንደጎደለ ታውቃለህ።

ከዛ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው የዛሬው ትልቁ ነገር። «ቲቸር ግን 45ና 45 ከሆነስ? ዜዱ ቆሞ ቢፈርስስ?»

ምንም አይጎድልም። ሙኦኖቹን ስታጠፊ 45 ሲቀነስ 45 ዜሮ። ዜዱ ቆሞ ወደ ኒውትሪኖ ከፈረሰ ዲተክተሩ ላይ ምንም አይኖርም፣ የጎደለ ነገር እንኳ አይኖርም፣ ማንም አያውቅም ያ ግጭት እንደነበረ። ለዚህ ነው እውነተኛው ፍለጋ ሁሌ አንድ የሚታይ ነገር ከጎኑ የሚፈልገው። ዜዱ ሲፈጠር አንድ ኳርክ ወይ ግሉኦን ወደ አንድ ወገን ይወረወራል፣ እሱ ጄት ይሆናል (በአንድ አቅጣጫ የሚፈነጠቅ የቅንጣቶች ጥቅል)፣ ዜዱ በተቃራኒው ይገፋል። ጄቱ ይታያል፣ ተቃራኒው ባዶ ነው። ሞኖጄት የሚሉት ይሄን ነው። አንድ ጄት፣ ፊት ለፊቱ ምንም።

ህዳር 22

የሳምንት መጨረሻ ሙሉ መቁረጫ መስፈርት ላይ ነው ያሳለፍኩት። በ2012 የሲኤምኤስ ዋናው ባለ ሁለት ሙኦን ትሪገር (የትኛው ግጭት ይመዝገብ ብሎ ወዲያው የሚወስነው) የመጀመሪያው ከ17 ሁለተኛው ከ8 ጂኢቪ በላይ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር፣ ስለዚህ እኔ ትንሽ ከፍ አድርጌ 20 እና 10 አልኩ፣ ከትሪገሩ ጠርዝ ራቅ ለማለት። ቻርጃቸው ተቃራኒ፣ ማሱ ከ80 እስከ 100። አንድ ዓይነት ቻርጅ ያላቸውን ለብቻ ቆጠርኳቸው፣ እነሱ ዜድ ሊሆኑ አይችሉም፣ ስለዚህ የውሸቱን መጠን ይነግሩኛል። በዚህ መስኮት ውስጥ በጣም ጥቂት ናቸው፣ ዜዱ ንፁህ ነው።

የዜዱ ጉብታ ከታሰበው ይሰፋል። የዜድ የተፈጥሮ ስፋት 2.495 ጂኢቪ ነው፣ እኔ ጋ ግን ዲተክተሩ ሙኦኑን ሲለካ የሚጨምረው ብዥታም አለበት፣ በግራ በኩል ደሞ ጭራ አለው ምክንያቱም ሙኦኑ አንዳንዴ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይለቅና ኢነርጂ ይቀንሳል። እነዚህን ለይቶ ማወቅ ደስ ይላል፣ ግራፉ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ቅርፅ ምክንያት አላት።

ህዳር 24

ስፋት ካልኩ ይሄን ሳልፅፍ አልተኛም፣ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ቆጠራ ይሄ ስለሆነ። ኤልኤችሲ ያለበት ዋሻ ውስጥ ድሮ ለፕ የሚባል ማሽን ነበር፣ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የሚያጋጭ፣ በ1989 ነው የጀመረው። እስከ 1995 ድረስ አራቱ ዲተክተሮች በድምሩ 17 ሚሊዮን ዜድ ሰበሰቡ። እና የማይታየውን ሳያዩት ቆጠሩት። እንዴት? የማሽኑን ኢነርጂ ከ91 ትንሽ በታች ትንሽ በላይ እያደረጉ የዜዱን ጉብታ ቅርፅ ሳሉ። ዜድ የሚፈርስበት መንገድ በበዛ ቁጥር እድሜው ያጥራል፣ እድሜው ሲያጥር ጉብታው ይሰፋል ጫፉም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠቅላላውን ስፋት ለካ፣ የሚታዩትን ሁሉ ቀንስ፣ የቀረው የማይታየው ነው። 499 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሆነ፣ ሲደመር ሲቀነስ 1.5። አንድ ዓይነት ኒውትሪኖ የሚወስደው በቲዎሪው 167 ነው። አካፍሉት፣ ሦስት።

አራተኛ ዓይነት ቀላል ኒውትሪኖ የለም ማለት ነው። ከ45 ጂኢቪ በታች ሆኖ ከዜድ ጋር እንደ ኒውትሪኖ የሚገናኝ ሌላ ምንም ነገርም የለም። አንድ ቁጥር ስንት በር ዘጋ!

ታሪኩ ግን እዚህ አያልቅም። ያኔ የወጣው ትክክለኛ ቁጥር 2.984 ነበር፣ ስህተቱ 0.008፣ ከሦስት የስህተቱን ሁለት እጥፍ ያህል ዝቅ ያለ። ለዓመታት ሰው ይሄን ሲያይ ምናልባት የሆነ ነገር አለ ይል ነበር። ማሽኑ ተነቅሎ ወጥቶ ሃያ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ሰዎች ተመልሰው የግጭቱ ብዛት እንዴት እንደተለካ መረመሩ፣ ለካ ሁለቱ ጨረሮች ሲተላለፉ አንዱ ሌላውን ስለሚስበው ቆጠራው በትንሹ ተዛብቶ ነበር፣ እሱና የተሻሻለ የቲዎሪ ስሌት ሲገባ በ2020 ቁጥሩ 2.9963 ሆነ፣ ስህተቱ 0.0074። ሦስት፣ ያለ ምንም ጥርጥር። እኔ ይሄን የማደንቀው ልዩነቱ ጠፋ ብለው ስላላዘኑ ነው፣ የማይታየውን ስትፈልግ ከሁሉ በፊት የምትመረምረው የራስህን ሚዛን ነው።

ታህሳስ 3

ወደ ስራዬ። ሙኦኖቹን አጥፍቼ የዜዱን ጎናዊ ሞመንተም ግራፍ አወጣሁ፣ ይሄ ነው የማይታየው ዜድ የሚያሳየው የጎደለ ሞመንተም ቅርፅ። ጫፉ ጥቂት ጂኢቪ ላይ ነው፣ ከዛ ይወርዳል፣ እየወረደ እየወረደ ከ200 በላይ ሲደርስ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሚሊዮኖች ዜድ ይዤ ጀምሬ ዳርክ ማተር ፈላጊዎቹ የሚፈልጉበት ጫፍ ላይ ስደርስ ጥቂት ሺዎች ቀሩኝ፣ ከዛ በላይ ደሞ በመቶዎች።

ቀጥሎ ማባዣው። ወደ ኒውትሪኖ 20 ከመቶ፣ ወደ ሙኦን 3.366 ከመቶ፣ ሲካፈል 5.94። ማለት ለእያንዳንዱ የማየው የሙኦን ጥንድ ስድስት ገደማ የማላየው አለ። ግን ይሄ ዝም ብሎ አይባዛም፣ ምክንያቱም ሙኦኖቹ ወደ ዲተክተሩ ጫፍ ከሄዱ አላያቸውም፣ ኒውትሪኖ ግን ወደ የትም ቢሄድ ያው የማይታይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስንቱ ሙኦን እንዳመለጠኝ አርሜ ነው በ5.94 የማባዛው። እርማቱን ከሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ከተፈጠረ ግጭት) ነው የማወጣው፣ ሲኤምኤስ ራሱ የለቀቀው የዜድ ሲሙሌሽን ፋይል አለ፣ ትልቅ ነው፣ ሌሊት ሌሊት ይወርዳል።

ታህሳስ 12

ሲሙሌሽኑ ሲመጣ ሌላ ነገርም አብሮ መጣ፣ ዲተክተሩ የለካው የጎደለ ሞመንተም ራሱ ተፅፎበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ወደ ሙኦን የፈረሱትን ዜዶች ብቻ ወስጄ ሙኦኖቹን ሳላጠፋ ምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ኒውትሪኖ የለም፣ መልሱ ዜሮ መሆን ነበረበት። አይደለም። አብዛኛው ከ50 ጂኢቪ በታች ነው ግን ዜሮ አይደለም፣ ጭራም አለው።

ምክንያቱን ለማየት በእያንዳንዱ ምዝገባ ውስጥ ያሉትን ቨርቴክሶች (የግጭት ነጥቦች) ቆጠርኩ። በ2012 ሁለት የፕሮቶን ጥቅሎች በተላለፉ ቁጥር በአማካይ 21 ግጭት አንድ ላይ ይሆን ነበር፣ አንዱ የኔ ዜድ፣ ሌሎቹ ተራ ጫጫታ። ግጭቱ የበዛበትን ለብቻ ያነሰበትን ለብቻ አድርጌ ግራፉን ሳወጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ታየ፣ ጫጫታው ሲበዛ የውሸቱ ጉድለት ይበዛል። ጄቱም በትክክል አይለካም፣ 100 የነበረው 85 ተብሎ ከተነበበ 15 የሆነ ቦታ ጠፋ ማለት ነው፣ ማንም ሳይወስደው። ስለዚህ የጎደለ ኢነርጂ አየሁ ማለት የማይታይ ቅንጣት አየሁ ማለት አይደለም፣ ይሄን በእጅ ሰርቶ ማየት ሌላ ነው። ፈላጊዎቹ ከ200 እና 250 ጂኢቪ በላይ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ገባኝ፣ እዛ ላይ የውሸቱ ጉድለት ይሟጠጣል፣ የቀረው በአብዛኛው እውነተኛ ኒውትሪኖ ነው።

ልጅቷ ይሄን ስነግራት ተናደደች፣ «ታዲያ ያኔ ኒውትሪኖን እንዴት አመኑት?» አለችኝ። ፊዚሲስቱ ፓውሊ በታህሳስ 1930 (እ.ኤ.አ.) በደብዳቤ ሀሳቡን ሲያቀርብ በእጁ የነበረው በቤታ ፍርስራሽ (የአቶም አስኳል ኤሌክትሮን ሲተፋ) ውስጥ የጎደለ ኢነርጂ ብቻ ነበር። ሬይንስና ካዋን በሪአክተር አጠገብ ኒውትሪኖ ራሱ ሲመታ እስኪያሳዩ 26 ዓመት ፈጀ። አሁንም እንደዛ ነው፣ ኤልኤችሲ ላይ ነገ ትርፍ ቢገኝ እንኳ ዳርክ ማተር ነው ለማለት ሌላ ቦታ ላይ በሌላ መንገድ መታየት አለበት። እሷ ግን 26 ዓመት የሚለው አልተዋጠላትም። እኔ በዛ ዕድሜ 26 ዓመት ማለት ዘላለም ይመስለኝ ነበር፣ አልፈረድኩባትም።

ጥር 2፣ ከገና በኋላ

ለገና እረፍት ቤተሰብ ጋ ሄጄ መጣሁ፣ ስራው እርማቱን ጨርሶ ይጠብቀኝ ነበር። ሰንጠረዡን ሰራሁ፣ በየመስኮቱ ስንት የሙኦን ጥንድ፣ ስንት የማይታይ ይጠበቃል፣ ስህተቱ ስንት። እና እዚህ ጋ ስራው ራሱ ግድግዳ ያሳያል።

በቀላል ቁጥር ላስረዳ። አንድ መስኮት ውስጥ 100 የሙኦን ጥንድ ካለኝ የቆጠራ ስህተቱ 10 ነው (የብዛቱ ስኩዌር ሩት)፣ ማለት 10 ከመቶ። ከሱ የምተነብየው 594 የማይታይ ዜድ ነው፣ ስለዚህ ትንበያዬም 10 ከመቶ ይወዛወዛል፣ ወደ 60። ግን 594 የሚያህል ነገር በራሱ የሚወዛወዘው 24 ብቻ ነው፣ 4 ከመቶ። ማለት የማይታየው ከሚታየው መንትያው ይልቅ በደንብ የተቆጠረ ነው! ተፈጥሮ ውስጡ 50 ትርፍ ዳርክ ማተር ብታስቀምጥ እኔ ባለኝ ሚዛን አላየውም፣ ዳታው ግን ሊያሳየኝ ይችል ነበር። እንቅፋቱ የማይታየው ነገር አይታይም የሚለው ሳይሆን የሚታየው ማነሱ ነው።

ለዚህ ነው ትልልቆቹ ቡድኖች በሙኦን ብቻ የማይቆሙት። ኤሌክትሮንን ይጨምራሉ፣ ከዛ ደብሊው ቦዞን (የዜድ ዘመድ) ወደ ሙኦንና ኒውትሪኖ ሲፈርስ ይጠቀማሉ፣ እሱ በጣም ይበዛል። ከዛ ፎቶን፣ ሞመንተሙ ከፍ ሲል ፎቶንና ዜድ ከጄት ጋር የሚፈጠሩበት መንገድ ይመሳሰላል፣ ስለዚህ የፎቶንን ብዛት ለክቶ በቲዎሪ ወደ ዜድ መቀየር ይቻላል። ያኔ የቆጠራው ስህተት ይቀንስና የቲዎሪው ስህተት ይገባል። ሁሉም ነገር ዋጋ አለው።

ሲኤምኤስ በዚሁ የሞኖጄት መንገድ፣ በ2016 በ13 ቴራ በተሰበሰበ ዳታ፣ የዜድን የማይታይ ስፋት ራሱን ለክቷል፣ 523 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 16። አትላስ በኋላ 506 ሲደመር ሲቀነስ 13 አገኘ። የለፕ 499 ነበር። ሦስቱም ይስማማሉ። በፕሮቶን ግጭት ጫጫታ ውስጥ ሆኖ እዚህ መድረስ፣ ያን የውሸት ጉድለት በእጄ ካየሁ በኋላ እነዚህን ቁጥሮች በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

ጥር 9

ሰፈር ነገ ለከተራ ሽርጉድ ላይ ነው፣ ድንኳን እየተተከለ፣ እኔ ደሞ ሂግስ (ለሌሎች ቅንጣቶች ክብደት ከሚሰጠው መስክ የሚወጣው ቅንጣት) ላይ ነኝ። ይሄ ማስታወሻ ዜድ ላይ ቢሆንም ለምን እንደምለፋ የሚያሳየው ሂግስ ነው። ሂግስ ክብደቱ 125 ጂኢቪ ነው። በስታንዳርድ ሞዴል (አሁን ባለው የቅንጣት ቲዎሪ) ወደማይታይ የሚፈርሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ ወደ ሁለት ዜድ ከዛ ወደ አራት ኒውትሪኖ፣ ይሄ ከሺህ አንድ ገደማ ነው። አትላስ በ2023 ያወጣው ወሰን ግን 10.7 ከመቶ ነው፣ ከዚህ እንደማይበልጥ አሳየ እንጂ ከዚህ በታች ስንት እንደሆነ አይናገርም። በ0.1 እና በ10.7 መሀል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶ ይሁን ሙሉ አልታወቀም፣ ከ62 ጂኢቪ በታች የሆነ ከሂግስ ጋር ብቻ የሚነጋገር ዳርክ ማተር ካለ ቤቱ እዛ ነው። ከዜዱ ጋር ስለማይነጋገር ለፕ አላየውም ነበር። እና ያን ሜዳ ለማጥበብ ሲሞክሩ ትልቁ ባክግራውንድ ምንድነው? ወደ ኒውትሪኖ የፈረሰ ዜድ። እኔ ሳሎኔ ውስጥ የምቆጥረው።

ከባዱን መንገድ የያዙም አሉ፣ ዝም ብዬ አላልፋቸውም። ሰርን ውስጥ ኤንኤ62 የሚባለው ሙከራ ካኦን (ከኳርክና ከፀረ ኳርክ የተሰራ ቅንጣት) ወደ ፓዮን (ቀለል ያለ ዘመዱ) እና ሁለት ኒውትሪኖ ሲፈርስ ይፈልጋል። ቲዎሪው ከ100 ቢሊዮን ካኦን 8 ገደማ ይላል። እነሱ በ2024 ከ2016 እስከ 2022 በሰበሰቡት 51 አገኙ፣ ከነዛ 18ቱ የውሸት ይሆናሉ ተብሎ ይጠበቃል፣ ከዛ የወጣው 13 ከ100 ቢሊዮን ነው፣ ስህተቱ 3 ገደማ። ጃፓን ያለው ቤል ሁለት የሚባል ሙከራ ደሞ ቢ ሜዞን (የካኦን ከባድ ዘመድ) ወደ ካኦንና ሁለት ኒውትሪኖ ሲፈርስ ከሚሊዮን 23 አገኘ፣ ስህተቱ 7፣ ቲዎሪው 5.6 ሲል። ሁለቱም ከፍ ብለዋል። ሁለቱም ገና ነው፣ ከቲዎሪው በዚህ ያህል ርቀት ላይ ሆኖ የጠፋ ነገር በዚህ ሙያ ብዙ ነው፣ የለፕን 2.984 ቅድም አይተናል። ግን እከታተላለሁ፣ በጣም እከታተላለሁ።

ጥር 16

ታቦት ገብቶ ሰፈሩ ፀጥ ካለ በኋላ ልጅቷ መጣች፣ አሁን ኮዱን እሷም ትነካዋለች። ዛሬ የሰራነው የማስ መስኮቱን ማጥበብና ማስፋት ነው፣ ከ80-100 ወደ 70-110፣ ከዛ ወደ 85-97። ትንበያው ከእርማት በኋላ በስህተቱ ውስጥ መቆየት አለበት፣ ካልቆየ እርማቱ የሆነ ነገር ዘሎታል። ቆየ። ከዛ ሙኦኖቹን በዲተክተሩ መሀል ያሉትንና ዳር ያሉትን ለየብቻ አድርገን ደገምነው፣ ዳር ላይ ትንሽ ወረድ ይላል፣ ስህተቱን አይወጣም ግን ሁሌ ወደ አንድ ወገን ነው የሚያዘነብለው። እሷ ናት ያየችው። «ቲቸር ሁሉም ታች ናቸው እኮ፣ አንድ እንኳ ላይ የለም።» ሲሙሌሽኑ ዳር ላይ ሙኦንን ከእውነተኛው ዲተክተር በተሻለ የሚያይ ከሆነ እርማቱ ማነሱ ነው፣ ይሄን ለማጣራት መንገድ አለ፣ ከዜዱ አንዱን ሙኦን በደንብ መርጦ ሁለተኛው ስንት ጊዜ እንደተገኘ በዳታው ራሱ መቁጠር። በዚህ ቀላል ፋይል ሙሉ በሙሉ አይሰራም፣ ያልተገኘው ሙኦን ዱካ የለበትምና፣ ትልቁ ፋይል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ቀጣዩ ስራ ሁለት ነው። ትልቁን የ2012 ፋይል ሁሉንም ሳይሆን ቁራጩን ማውረድ፣ ለሙኦን ቆጠራው። እና የደብሊው ሲሙሌሽን፣ ሙኦኑ ጠፍቶ ኒውትሪኖው ብቻ የቀረበት ደብሊው ሁለተኛው ትልቁ ባክግራውንድ ስለሆነ። የመጀመሪያውን ዛሬ ሌሊት አስጀምራለሁ፣ የደብሊውን ኮድ እሷ ትጀምረዋለች፣ ከፈተና በኋላ ብያታለሁ፣ እሷ ግን የዜዱን ኮድ በፍላሽ ይዛ ሄዳለች።